ቱርቱክ፦ በፈቃድ የሚገባባት መንደር

(አዲስ አበባ ውስጥ በተዘጋጀ የጉዞ ወዳጆች ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቦታ ብቻ ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ! እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ በዚህ ዝናብ መጥታችሁ አዳራሹን ስለሞላችሁት እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከኋላ የቆማችሁ ወጣቶች፣ እዚህ ፊት ለፊት ወንበር አለ። ኑ፣ ተቀመጡ፤ ወሬው ረዘም ይላል።

ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንዲት መንደር ነው። ቱርቱክ ትባላለች። ያለችው ህንድ ውስጥ፣ በሰሜን ጫፍ፣ ላዳክ በተባለው ግዛት ነው። ሂማላያን ተሻግራችሁ የካራኮረም ተራሮች ሥር ስትደርሱ፣ ሺዮክ የሚባል ወንዝ ዳር ታገኟታላችሁ። ከ3,000 በላይ ሰው ይኖርባታል። ትንሽ አለፍ ሲባል ፓኪስታን የምታስተዳድረው ምድር ይጀምራል።

ወደዚያ ለመሄድ የህንድ ቪዛ ብቻ አይበቃም። ሌላ ወረቀት አለ፤ የመግቢያ ፈቃድ። አብዛኛው ተጓዥ ይህን ወረቀት የሚያየው እንደ ጣጣ ነው። ቶሎ ጨርሼ ልሂድ ይላል። እኔ ግን አንድ ነገር አጥብቄ ልነግራችሁ ነው የመጣሁት። ይህ ወረቀት ለምን እንደመጣ ያልገባው ሰው፣ ቱርቱክ ደርሶ ቢመለስም መንደሯን አላያትም። ለምን? ወረቀቱን ያመጣው ጉዳይና የመንደሯን ሰዎች ኑሮ ለሁለት የቆረጠው ጉዳይ አንድ ስለሆነ ነው።

ሦስት ነገር ይዣለሁ። አንደኛው የፈቃዱ ነገር ነው። ሁለተኛው መንገዱ። ሦስተኛው መንደሯና ሰዎቿ። መንገዱን ፈጠን ብለን እናልፈዋለን። ሦስተኛው ላይ ግን እቆያለሁ፤ ከአሁኑ አስፈቅጃለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ከመሃላችሁ ህንድ የተማረ እስቲ እጁን ያውጣ። አያችሁ? ቀላል ቁጥር አይደለም። እኔም ፑንጃብ ነበር የተማርኩት። ህንድ የተማረ ሐበሻ ሁሉ ኤፍ.አር.አር.ኦ. የሚባለውን የውጭ ዜጎች መመዝገቢያ ያውቀዋል። በገባን በ14 ቀን ውስጥ መመዝገብ፣ አድራሻ ስንቀይር ማሳወቅ፣ የዶርም ማስረጃ ማምጣት። ስለዚህ እኛ ለወረቀት አዲስ አይደለንም። ግን የላዳክ ወረቀት ከዚህ ይለያል። ይኼኛው የሚጠይቃችሁ ህንድ ውስጥ ስለመኖራችሁ ሳይሆን፣ ህንድ ውስጥ የትኛውን መስመር ስለመሻገራችሁ ነው።

እንግዲህ ወደ አንደኛው ነጥብ ልግባ።

ነገሩ ሥር የሰደደው ከእንግሊዞች ዘመን ነው። በ1873 እንግሊዞች በምሥራቅ በኩል፣ በአሳም ኮረብታዎች ግርጌ፣ አንድ መስመር አሰመሩ። የሻይ ተካዩም ነጋዴውም ያለ ፈቃድ ከዚያ መስመር ወዲያ እንዳያልፍ ከለከሉ። "የውስጥ መስመር" አሉት። እንግሊዞቹ ሄዱ፣ መስመሩ ቀረ። ነጻዪቱ ህንድ ደግሞ በ1958 ለውጭ ዜጎች የተለየ ደንብ አወጣች። በድንበር አካባቢ የተጠበቁ ቀበሌዎችን ለየችና፣ እዚያ የሚገባ የውጭ ሰው ሁሉ የተጠበቀ አካባቢ ፈቃድ ይያዝ አለች። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1962፣ ከቻይና ጋር ጦርነት ሆነ። ከዚያ በኋላ ማን ይህን ደንብ ያላላል?

ልብ በሉ፣ ላዳክ ራሷ ለውጭ ጎብኚ የተከፈተችው በ1974 ነው። ቱርቱክ ያለችበት የኑብራ ሸለቆ 20 ዓመት ቆይቶ፣ በ1994 ተከፈተ። ያኔም ቢሆን ሁንደር ከምትባል መንደር ወዲያ ማለፍ አይቻልም ነበር። ቱርቱክ የተከፈተችው በ2010 ነው። ዛሬ ሃያ ዓመት ያልሞላው የቱርቱክ ልጅ፣ መንደሩ ለጎብኚ ዝግ የነበረችበትን ጊዜ አያስታውስም። አባቱ ግን ዕድሜውን ሙሉ ከወታደር በቀር እንግዳ ሳያይ ነው ያደገው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የላዳክ ዋና ከተማ ሌህ ትባላለች። ፈቃዱ የሚወጣው እዚያ፣ በወረዳው አስተዳደር በኩል ነው። የውጭ ዜጋ ራሱ ሄዶ በቀላሉ አያወጣውም፤ በተመዘገበ አስጎብኚ ድርጅት በኩል ነው የሚያስጨርሰው። ፓስፖርትና ቪዛ ኮፒ ታደርጋላችሁ። የምትሄዱባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ ታስጽፋላችሁ። የአካባቢ ጥበቃ ክፍያና የቀይ መስቀል መዋጮ ትከፍላላችሁ። እኔ በሄድኩበት ጊዜ ወረቀቱ ለ7 ቀን ነበር የሚሰጠው። ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ ቦታ መሄድ አይቻልም። "እዚህ ድረስ መጥቼማ ያቺን ሐይቅ ሳላይ አልመለስም" ብሎ ነገር የለም። ስለዚህ ስታስጽፉ አስባችሁ አስጽፉ።

የፓኪስታንና የቻይና ዜጎች ጉዳይ ሌህ ላይ አያልቅም፤ የዴልሂው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር መፍቀድ አለበት። ዲፕሎማት የሆነም ወደ ዴልሂ ነው የሚላከው። እኛ ኢትዮጵያውያን ግን እንደማንኛውም የውጭ ጎብኚ ሌህ ላይ እንጨርሳለን። ህንዳውያን ራሳቸውም እስከ 2021 ድረስ የውስጥ መስመር ፈቃድ ይጠየቁ ነበር። በዚያ ዓመት ኦገስት ላይ ለእነሱ ቀረላቸው። ለውጭ ዜጋ ግን አልቀረም።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የውጭ ዜጋ ብቻውን ፈቃድ አይሰጠውም ነበር። ቢያንስ ሁለት ሰው መሆን አለበት። እኔ የሄድኩት ከአንድ ኢትዮጵያዊ ጓደኛዬ ጋር ነው። ሌህ በደረስን ማግስት ጓደኛዬን የከፍታው ሕመም ጣለው። ራሱን ይይዘዋል፣ ምግብ አይወስድለትም፣ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ፈቃድ ሊያስጨርስልን የነበረው ሰው ምን አለኝ? "ችግር የለም፤ የሌላ ሰው ስም ካንተ ጋር አስገባለሁ። ወረቀቱ ላይ ሁለት ትሆናላችሁ፣ ብቻህን ትሄዳለህ።" ይህን የሚያደርጉ ብዙ ናቸው። እኔ አልፈለግኩም። ጓደኛዬን አስታምሜ፣ ሲሻለው አብረን ሄድን።

ለምን ይመስላችኋል የማነሳው? ኬላ ላይ ያየሁትን ስላየሁ ነው። ከፊታችን አንድ ፈረንጅ ልጅ ነበር። ወታደሩ ወረቀቱን አየና "ሁለተኛው ሰው የታለ?" አለው። ልጁ ተንተባተበ። ወታደሩ ድምፁን ከፍ አላደረገም፣ አልተቆጣም። ወረቀቱን አጥፎ መለሰለት፣ በእጁ ወደመጣበት አሳየው። ሹፌሩ ግን አላለፈለትም። የመኪናው ቁጥር ተመዘገበ፣ መንጃ ፈቃዱ ተያዘ፣ ስልክ ተደወለ። ልጁ በማግስቱ አውሮፕላኑን ይሳፈራል። ሹፌሩ ግን ነገም ተነገ ወዲያም በዚያው ኬላ ነው የሚያልፈው። እንጀራው እዚያ ነው። ይህን አስቡት! የእኛ አቋራጭ ዕዳው የሚወድቀው እዚያው አገር በሚኖረው ሰው ላይ ነው።

ስለዚህ አደራ፣ ደንቡን በሙሉ ልባችሁ አክብሩ። ፈቃዱን አንዴ ካወጣችሁ ብዙ ኮፒ አድርጉ። በየኬላው አንዳንድ ኮፒ ይወስዳሉ፤ ከሌህ ከወጣችሁ በኋላ ኮፒ ቤት መፈለግ ከባድ ነው። መኪናውም የላዳክ ታርጋ ያለው መሆን አለበት፤ ከሌላ ግዛት የተከራያችሁትን መኪና የአካባቢው ታክሲዎች ማኅበር አያሳልፍም። የሳተላይት ስልክ ይዛችሁ ህንድ እንዳትገቡ፤ ያለ ፈቃድ ወንጀል ነው። ድሮን ቤታችሁ አስቀምጡ። ድልድይና ወታደር ፎቶ አይነሳም። ድልድይ እንኳ? አዎ፣ ድልድይ እንኳ። በቅድሚያ ክፍያ የሚሠራ ከሌላ ግዛት የወጣ ሲም ካርድም ላዳክ ውስጥ አይሠራም። ለቤተሰብ ቀድማችሁ ንገሩ፤ እናቶቻችን ጠፋ ብለው እንዳይጨነቁ።

ሁለተኛው ነጥብ፣ መንገዱ።

ከሌህ እስከ ቱርቱክ 205 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቁጥሩ አያታላችሁ። ካርዱንግ ላ የሚባል በር አለ፤ በር ስል የተራራ መተላለፊያ ማለቴ ነው። አናቱ ላይ የተተከለው ሰሌዳ 18,380 ጫማ ይላል። ያ 5,602 ሜትር መሆኑ ነው። ትክክለኛው ልኬት ግን 5,359 ሜትር ነው። ይህም ቢሆን ራስ ዳሸንን በ800 ሜትር ይበልጣል! እኛ የአዲስ አበባ ሰዎች "ደገኛ ነን፣ ከፍታ አይበግረንም" እንላለን። ሌህ 3,500 ሜትር ነው። ከዴልሂ ሙቀት በአውሮፕላን ተነስታችሁ አንድ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ እዚያ ትወርዳላችሁ። የጓደኛዬን ነገር ነግሬያችኋለሁ። ሌህ ላይ ቢያንስ ሁለት ሙሉ ቀን አርፋችሁ፣ ውሃ ጠጥታችሁ፣ ሳትሮጡ ውጡ። ካርዱንግ ላ አናት ላይ ደግሞ ፎቶ ተነሱና ቶሎ ውረዱ። እዚያ ሻይ ይዞ መቆየት ጀግንነት አይደለም።

ከዚያ ወደ ሺዮክ ሸለቆ ትወርዳላችሁ። ዲስኪት የሚባል ገዳም አለ፤ 32 ሜትር የሚረዝም የማይትሬያ ቡድሃ ሐውልት ወንዙን ቁልቁል ወደ ፓኪስታን በኩል እያየ ተቀምጧል። ሁንደር ላይ አሸዋና ሁለት ሻኛ ያላቸው ግመሎች ታያላችሁ። ከሁንደር በኋላ አገሩ ይለወጣል። ሸለቆው ይጠብባል። የቡድሂስቶቹ የጸሎት ባንዲራዎች ከዚያ ወዲያ አይታዩም። ቦግዳንግ ስትደርሱ መስጊድ ታያላችሁ፤ ሴቶቹ ነጠላ መሰል ሻርፕ ተከናንበዋል፤ የሰው መልክ፣ የሰው ቋንቋ ተቀይሯል። ባልቲዎች አገር ገብታችኋል ማለት ነው።

እነሆ ሦስተኛው ነጥብ። እዚህ ላይ እንቆይ።

ባልቲዎች ሙስሊሞች ናቸው፤ ቱርቱክ ውስጥ አብዛኛው ኑርባክሺያ የሚባለው የሱፊ እስልምና ዘርፍ ተከታይ ነው። ቋንቋቸው ግን ከቲቤት ቋንቋ ጋር አንድ ዘር ነው። የሕዝቡ እናት አገር ባልቲስታን ትባላለች፤ ዋና ከተማዋ ስካርዱ ናት። ስካርዱ ዛሬ የምትተዳደረው በፓኪስታን ነው። ቱርቱክም እስከ 1971 ድረስ በፓኪስታን በኩል ነበረች።

በ1971 ዲሴምበር ላይ ህንድና ፓኪስታን ተዋጉ። ጦርነቱ ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላም። ዓለም የሚያስታውሰው ባንግላዴሽ የተወለደችበትን ግንባር ነው። በዚህ በሰሜን በኩል ግን ሌላ ነገር ሆነ። ቼዋንግ ሪንቼን የሚባል የኑብራ ተወላጅ መኮንን፣ አገሩን እንደ እጁ መዳፍ የሚያውቅ ሰው፣ የላዳክ ልጆችን ይዞ በበረዶ ተራራ ተራራውን መጣ። ቻሉንካን ያዘ። ቱርቱክን ያዘ። ትያክሺና ታንግ ተከተሉ። አራት መንደሮች፣ ወደ 800 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ምድር። ለዚህም በህንድ ሁለተኛ የሆነውን የጀግና ሜዳይ ለሁለተኛ ጊዜ ተሸለመ። በቀጣዩ ዓመት ጁላይ ላይ ሁለቱ መንግሥታት ሺምላ ላይ ተፈራረሙ፤ ሠራዊቱ የቆመበት ቦታ የቁጥጥር መስመር ሆኖ ቀረ።

ወገኖቼ፣ እስቲ አስቡት። ማታ የተኛችሁት በአንድ አገር ነው። ጠዋት ስትነሱ ሌላ አገር ናችሁ። ከቤት አልወጣችሁም። ዕቃ አልሸከፋችሁም። ማንም አልጠየቃችሁም። ያን ዕለት ስካርዱ ለትምህርት የሄደ ልጅ እዚያው ቀረ። ካራቺ ለሥራ የሄደ ባል እዚያው ቀረ። ጎረቤት መንደር ዘመድ ጥየቃ የሄደ ሰው እዚያው ቀረ። ሚስት እዚህ፣ ባል እዚያ። እናት እዚህ፣ ልጅ እዚያ።

ያደርንበት ቤት አባወራ ሽማግሌ አባት ነበሩት። ሰውየው ጦርነቱ ሲመጣ ልጅ ነበሩ። ታላቅ ወንድማቸው ስካርዱ ትምህርት ቤት ነበር። አልተመለሰም። እናታቸው ልጄን ሳላየው ልሙት እንዴ እያሉ ኖረው፣ ሳያዩት ሞቱ። ማታ፣ እራት በልተን ምድጃው ዙሪያ ተቀምጠን ሳለ፣ የልጅ ልጃቸው ስልኳን ይዛ መጣች። ኔትወርኩ ሄድ መለስ ይላል። ሽማግሌው ስልኩን ተቀበሏት፤ መስታወቱን በእጅጌያቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረጉ። ከዚያ የወንድማቸው ፊት መጣ። ነጭ ጢም ያለው ሽማግሌ። ምን ቢያወሩ ጥሩ ነው? ስለ አፕሪኮት። የዘንድሮው ፍሬ ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? ቤታቸው ጥግ ያለችው አሮጌዋ ዛፍ አለች ወይ? አለች። ታፈራለች ወይ? ታፈራለች። ምስሉ ቆመ፣ ተቋረጠ። ሽማግሌው ስልኩን መለሱና ሻይ ቀዱልን። ባልቲ አላውቅም፤ የልጅ ልጃቸው ናት በእንግሊዝኛ ያስረዳችን።

ይህን ስሰማ ዛላምበሳ ነበር የመጣብኝ። በ2018፣ በእንቁጣጣሽ ቀን፣ ድንበሩ ሲከፈት ሰዎች መሬት ሲስሙ፣ እየተቃቀፉ ሲያለቅሱ ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል። ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ተዘጋ። እዚህ ውስጥ ዘመዱ ወዲያ ማዶ የቀረበት ሰው ይኖራል። እኔ ለእናንተ የማስረዳው ምን አለ?

ወንድማማቾቹ ለምን አይገናኙም ትሉኝ ይሆናል። ሺዮክ ወንዝ እኮ ከቱርቱክ ተነስቶ ቁልቁል መስመሩን ያልፋል። ኻፕሉ በምትባል ከተማ በኩል አልፎ፣ ስካርዱ ሳይደርስ ከኢንደስ ጋር ይቀላቀላል። ውሃው ቪዛ አይጠየቅም። ሰው ግን ሌላ ነው። ከቱርቱክ ወደ ሌህ፣ ከሌህ ወደ ዴልሂ። ዴልሂ ለፓኪስታን ቪዛ ማመልከት፣ መጠበቅ፣ መከልከል፣ እንደገና ማመልከት። ከተሳካ ወደ አምሪትሳር፣ በአታሪ ኬላ ወደ ላሆር፣ ከላሆር ወደ ኢስላማባድ፣ ከዚያ በተራራው መንገድ ወደ ስካርዱ። ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ዙሪያ ጥምጥም! ቀጥታው መንገድ፣ ላዳክ ውስጥ ካለችው ከካርጊል ከተማ ወደ ስካርዱ የሚወስደው፣ ከ1948 ጀምሮ እንደተዘጋ ነው። ከ2025 ኤፕሪል ወዲህ ደግሞ አታሪም ተዘግቷል።

አሁን ወደ ፈቃዱ መለስ በሉ። እኔ ከአዲስ አበባ የመጣሁ ሰው፣ ፎቶ ኮፒና ጥቂት ሩፒ ከፍዬ፣ ቱርቱክ ገባሁ። እዚያች ቤት የተወለደው፣ አፕሪኮቷን የወጣባት ሰው ግን መግባት አይችልም። ለእሱ የሚሰጥ ፈቃድ ሌህ ላይ የለም። ታዲያ ይህን ወረቀት ኪሴ ይዤ "አሰለቹኝ" ልበል? ይከብደኛል። እውነት ይከብደኛል።

ሐዘን ብቻ አታድርጉት ደግሞ። ቱርቱክ ውብ ናት። ላዳክ ደረቅ ናት፤ ድንጋይና አሸዋ ናት። ቱርቱክ ግን ወደ 3,000 ሜትር ዝቅ ስለምትል ትለመልማለች። ጅረቱ በየቤቱ ጥግ በቦይ ይሄዳል። ገብስ ያጭዱና በዚያው መሬት ላይ፣ የበረዶው ወራት ሳይመጣ፣ ባክዊት የሚሉትን ጥቁር እህል ይዘሩበታል። ሁለት ጊዜ ማምረት በላዳክ ብርቅ ነው። ከባክዊቱ ኪሲር የሚሉትን ቂጣ ይጋግራሉ። ስስ፣ ሰፊ፣ ጠቆር ያለ፤ እንጀራ ናፍቆን ስለነበር እኔና ጓደኛዬ ጠቅልለን ስንጎርስ የቤቱ እመቤት ሳቀች። ጁላይና ኦገስት አፕሪኮቱ ይደርሳል። አፕሪኮት ከኮክ ጋር የሚቀራረብ ፍሬ ነው። ጣራው ሁሉ ላይ ተሰጥቶ፣ መንደሩ ከላይ ሲታይ ብርቱካናማ ይሆናል። ዘሩን ፈልጠው ውስጡን ይበሉታል፤ ዘይትም ያወጡለታል።

አንድ ነገር ግን ልዩ ነው። ናንግቹንግ ይሉታል። ከድንጋይ የተሠራች ትንሽ ጎጆ ናት፣ አለቱ ላይ የተለጠፈች። በሯ ዝቅ ያለ ስለሆነ አጎንብሳችሁ ነው የምትገቡት። ውጭ ፀሐይ ይፋጃል። ውስጥ ስትገቡ ቁርጭምጭሚታችሁን ቀዝቃዛ ነፋስ ይመታችኋል። ከየት መጣ? በድንጋዮቹ መካከል ክፍተት ትተዋል። ከተራራው ሥር፣ በአለቱ ስንጥቅ የሚመጣው ቀዝቃዛ አየር በዚያ ይገባል። ቅቤው፣ ሥጋው፣ ወተቱ እዚያ ይቀመጣል። መብራት የለም፣ ሞተር የለም። እጄን ክፍተቱ ላይ አድርጌ ቆየሁ፤ ጣቴ ደነዘዘ። ቤት የሚሠሩ መሐንዲሶች እዚህ ካላችሁ፣ ሄዳችሁ አጥኑት። ከልቤ ነው።

መንደሯ ላይ የኻፕሉ ነገሥታት ዘር የሆነው የያብጎ ቤተሰብ አሮጌ ቤት አለ። አሁን ሙዚየም ሆኗል። የቤተሰቡ ሰው ራሱ ነው የሚያስጎበኘው፤ የትውልድ ሐረጉ ግድግዳው ላይ ተጽፏል። መንግሥታቸው በመስመሩ ወዲያ፣ የበጋ ቤታቸው በመስመሩ ወዲህ። እዚያም ያው ታሪክ ነው።

ከቱርቱክ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወረድ ብሎ ታንግ አለች። ከዚያ ወዲያ የህንድ መንደር የለም። ከታንግ ማዶ ያለውን የፓኪስታን መንደር በዓይን ታዩታላችሁ። መነጽር የሚያከራዩ ልጆች አሉ። ጎብኚው ተሰልፎ ያያል፣ ይስቃል፣ ፎቶ ይነሳል። እኔ አልሳቅኩም። ከጎኔ አንዲት የመንደሩ ሴት ቆማ ነበር፤ እሷ ያለ መነጽር ነው የምታየው። የማን ቤት የትኛው እንደሆነ ታውቃለች።

እንግዲህ ልመናዬን ላቅርብ። እዚህ ካላችሁት ውስጥ የሚሄድ ይኖራል፤ በተለይ ለትምህርት ህንድ የምትሄዱ ልጆች።

ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ሂዱ። ከዲስኪት በጠዋት ወጥታችሁ በማታ ተመላሽ አትሁኑ። ብዙዎች እንደዚያ ያደርጋሉ፤ ፎቶ አንስተው፣ አቧራ አንስተው ይሄዳሉ። እደሩ። መንደሩ ውስጥ እደሩ፣ የሰው ቤት። ብዙው የቱርቱክ ወንድ ከኋላ ባሉት ተራሮች፣ እስከ ሲያቺን በረዶ ድረስ፣ ለሠራዊቱ ዕቃ ተሸካሚ ሆኖ ነው ሲኖር የነበረው። ሲያቺን ላይ ከ1984 ጀምሮ ሠራዊት ተፋጥጦ አለ፤ ከጥይት ይልቅ ብርዱና የበረዶ ናዳው የገደለው ይበዛል። አንድ አዳር የምትከፍሉበት ቤት፣ ልጁን ወደዚያ የማይልክ ቤት ሊሆን ይችላል።

ሴቶችን ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሱ። ይህን ሁሉም ጎብኚ ያውቃል፣ ሁሉም ጎብኚ ይረሳል። መንደሩ ውስጥ በየመንገዱ ልመናቸውን ጽፈው ለጥፈዋል፤ አለባበሳችሁ ጨዋ ይሁን፣ ፎቶ አስፈቅዱ ይላሉ። ከዚህ በላይ ምን ይበሉን?

የመጨረሻው፣ ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ። ሰዎቹን "ህንድን ነው ፓኪስታንን የምትወዱት?" ብላችሁ አትጠይቁ። እኛ ያደርንበት ቤት አንድ ጎብኚ ይህን ሲጠይቅ ሰምቻለሁ። ምግብ እየቀረበለት! አባወራው ጭልፋውን ይዞ ቆመ። ከዚያ "እንግዳ እንወዳለን" ብሎ ሾርባውን ቀዳለት። እነዚህ ሰዎች ለብዙ ዓመታት በጥርጣሬ ዓይን የታዩ ናቸው። ወንድማቸው ወዲያ ማዶ ስላለ ብቻ፣ የሚናገሩት እያንዳንዱ ቃል ይመዘናል። ለእናንተ የራት ጨዋታ ነው። እሱ መልሱን ይዞ ከጠዋት እስከ ማታ ከወታደር ሰፈር አጠገብ ይኖራል። ስለ አፕሪኮቱ ጠይቁት። ስለ ናንግቹንጉ ጠይቁት። ስለ ልጆቹ ትምህርት ጠይቁት። ስለ ወዲያ ማዶው ደግሞ ራሱ ከፈለገ፣ ምድጃው ዙሪያ፣ ራሱ ይነግራችኋል።

ስላዳመጣችሁኝ በጣም አመሰግናለሁ። የፈቃዱን ቅጽና የመንገዱን ካርታ አትሜ አምጥቻለሁ፤ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ውሰዱ። ጥያቄ ያላችሁ አሁን ቀጥሉ፤ ከኋላ እጅ ያወጣሽው እህቴ፣ ከአንቺ እንጀምር።